ለቤተ ክርስቲያናችን የመብራት ዕቃ የገዛሁባት የሂርማታ ሱቅ

ጅማ ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃ የምትፈልጉ ከሆነ፣ ሂርማታ ገበያ አካባቢ ያለችውን የሐጂን ሱቅ እዩልኝ። ጠባብ ናት። ካርቶኑ እስከ ጣሪያ ተቆልሏል። ግን የምትገዙትን ነገር አውቃችሁ ትገዛላችሁ።

እኔ ኤሌክትሪሺያን ነኝ። የሰፈራችንን ቤተ ክርስቲያን ያረጀ መስመር በነፃ እየቀየርኩ ነው። ዕቃው የሚገዛው ግን ከምእመናን በተዋጣ ገንዘብ ስለሆነ ትንሽ እንኳ እንዲባክን አልፈልግም። መጀመሪያ ሌላ ቦታ «ንጹሕ መዳብ» ተብሎ የተሰጠን ሽቦ ውስጡ አሉሚኒየም ሆኖ ተገኝቷል። እንዲህ ያለው ቶሎ ይግላል፣ መጋጠሚያው ላይም ይላላል። ሐጂ ግን ሳልጠይቃቸው ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትሩን ሽቦ ጫፉን በምላጭ ፋቅ አድርገው አሳዩኝ። እስከ ውስጡ ቀይ ነው።

በጣም ደስ ያለኝ የብሬከሩ ነገር ነው። ባለ 16 አምፒር ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፤ ኤሌክትሪክ ሰው ቢይዝ አይቆርጥም። ሰውን የሚያተርፈው መስመሩ በሰው በኩል ወይም ወደ መሬት 30 ሚሊ አምፒር ሲያፈስ የሚቆርጠው ሌላው መሣሪያ፣ አርሲዲ (RCD) የሚባለው ነው። ብዙ ሻጭ «ምን ያደርግልሃል፣ ትርፍ ወጪ» ይላል። እኛ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን የምንገባው በባዶ እግር ነው። የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ፤ ወለሉ ይረጥባል፣ ካህናቱ ማይክራፎን ይይዛሉ። ይህን ለሐጂ ማስረዳት አላስፈለገኝም። «ልጄ፣ እኛም መስጊድ የምንገባው ጫማ አውልቀን ነው» ብለው ከመደርደሪያው አወረዱልኝ። መሬት ውስጥ የሚቀበረውን የግራውንድ ዘንግም አስታወሱኝ።

ሌላም አለ። መቅደስ ውስጥ እኔ አልገባም፤ መብራቱን የሚገጥመው ዲያቆን ነው፣ የኤሌክትሪክ ሙያ የለውም። ይህን ስነግራቸው በቴፕ የማይጠቀለል፣ ተጭኖ የሚቆለፍ ማገናኛ ሰጡኝ። እኔ ዋናውን ብሬከር አጥፍቼ ውጭ ቆምኩ፣ ዲያቆኑ ያለ ችግር ገጠመው።

ቅሬታም አለኝ። ሞቅ ያለ ቢጫ ብርሃን የሚሰጥ ኤልኢዲ የላቸውም፤ ያለው ባለ 6500 ኬልቪኑ ነጭ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ የግድግዳውን ሥዕል ያገረጣዋል። ለቅኔ ማህሌቱ ከአዲስ አበባ ማስመጣት ግድ ሆነብን። አምፖል ከገዛችሁ በኋላም አይመልሱም፤ እዚያው አስበርታችሁ ውሰዱ።

ዋጋቸው ከሌላው ትንሽ ወደድ ይላል። ደረሰኝ ይቆርጣሉ። ለሰበካ ጉባኤ ሒሳብ የምታቀርቡ ከሆነ የቤተ ክርስቲያኑን ስም አስጽፉበት።