ሕክምና የሚያዝዝ ችሎት ሲመዘን፦ ከባሕር ዳር ለሚያየው

ጠጥቶ በመደባደብ ወይም ለጫትና ለአረቄ መግዣ ብሎ የሰው ስልክ በመንጠቅ ለሦስተኛና ለአራተኛ ጊዜ የሚከሰስ ሰው ባሕር ዳር ላይ ለፖሊሱም ለዳኛውም እንግዳ አይደለም። ይፈረድበታል፣ ጥቂት ወር ይታሰራል፣ ይፈታና እዚያው ሰፈር፣ እዚያው አረቄ ቤት ይገኛል። ለእንዲህ ያለው ሰው ሌላ አገር የተዘጋጀ አገልግሎት አለ፤ ሕክምና ተኮር ፍርድ ቤት ይሉታል። እዚህ የምንመዝነው እሱን ነው፤ ምን እንደሚሰጥ፣ የት ላይ እንደሚበላሽ፣ ጣና ዳር ቢመጣ ምኑ እንደሚሠራ።

የመጀመሪያው የሱስ ችሎት እ.ኤ.አ. በ1989 በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት፣ ማያሚ ላይ ተከፈተ። የአእምሮ ሕሙማን ችሎት ደግሞ በ1997 በዚያው ግዛት ብሮዋርድ በሚባለው አውራጃ ተከተለ። ዛሬ የሱስ ችሎቶቹ በአሜሪካ ብቻ ከ3000 በላይ ናቸው። አዲስ ሕንፃ አይጠይቁም፤ አንድ መደበኛ ዳኛ ለእነዚህ መዝገቦች የተለየ ቀን ይይዛል። ችሎቱ ከመከፈቱ በፊት ዳኛው፣ ዐቃቤ ሕጉ፣ ተከላካይ ጠበቃው፣ የሕክምና ባለሙያውና የክትትል ሠራተኛው ተቀምጠው ስለ እያንዳንዱ ሰው ይነጋገራሉ። ተከሳሹ የሚገባው ፈቅዶ ነው። ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 18 ወር ይቆያል፤ ከጨረሰ ክሱ ይነሳለታል ወይም ቅጣቱ ይቀልለታል፣ ካቋረጠ ወደ መደበኛው ክስ ይመለሳል።

ከአገልግሎቱ ሁሉ ትልቁን ነጥብ የምንሰጠው ለቀጠሮው መቀራረብ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ተከሳሹ ቢያንስ በየ2 ሳምንቱ ዳኛው ፊት ይቆማል። ለሽንት ምርመራ በሳምንት ቢያንስ 2 ጊዜ ይጠራል፤ ቀኑን አስቀድሞ አያውቀውም። ዳኛው ለአንዱ ሰው ቢያንስ 3 ደቂቃ እንዲሰጥ የሙያው መመዘኛ ይጠይቃል። 3 ደቂቃ ኢምንት ትመስላለች፤ ነገር ግን በስሙ ተጠርቶ ስለ ሥራው፣ ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ቤተሰቡ የተጠየቀ ሰው በሚቀጥለው ቀጠሮ ይመጣል። ማበረታቻው ከቅጣቱ በ4 እጥፍ እንዲበልጥም ይመከራል። ቅጣት ካስፈለገ ወዲያው የሚሰጥና አጭር ነው፤ እስር ከሆነ ከ3 እስከ 6 ቀን ቢበዛ።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። በእነዚህ ችሎቶች ቀጠሮ መቅረትና መዋሸት አንድ ነገር ነው፣ መልሶ መጠጣት ሌላ ነገር ነው። መምጣትና እውነቱን መናገር ሱሰኛው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚችለው ስለሆነ ያን ባያደርግ ይቀጣል። ከሱሱ ፈጽሞ መላቀቅ ግን ወራት ይፈጃል፤ በሁለተኛው ወር ሲያገረሽበት መልሱ ሕክምናውን ማጥበቅ ነው። ሁለቱን በአንድ ዓይን የሚያይ ዳኛ ሕመምተኛውን መዋሸት ያስተምረዋል።

ውጤቱስ? በርካታ ጥናቶችን በአንድ ላይ የመዘነ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ትንተና ዳግም ወንጀል የመሥራት መጠኑ ከ50 በመቶ ወደ 38 በመቶ ገደማ እንደሚወርድ አሳይቷል። ተአምር አይደለም፤ ነገር ግን ከእስር በኋላ ከምናየው እጅግ ይሻላል። የሚጠቅመው ግን ሱሱ ለጠናበትና ደጋግሞ ለሚያጠፋ ሰው ነው። አንድ ጊዜ የሳተን ወጣት እዚያ ማስገባት ጉዳት አለው፤ ከባሰባቸው ጋር ይውላል፣ ሥራውንና ትምህርቱን በቀጠሮ ብዛት ያጣል። 3 ወር ለሚያሳስር ጥፋት 18 ወር ክትትል መጫንም ፍትሕ አይባልም፤ ጠበቃው ደንበኛው ፈርሞ ከመግባቱ በፊት ይህን ሒሳብ ሊያሳየው ይገባል።

ዋናው ጉድለት ዳኛው ሐኪም ልሁን ሲል ይመጣል። በአሜሪካ በርካታ ችሎቶች ለዓመታት ለሄሮይንና ለመሰሎቹ ሱስ ሕክምና የሚታዘዙትን ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን የሚወስዱ ሰዎችን መድኃኒቱን ካላቆማችሁ አንቀበልም ይሉ ነበር፤ የሙያው መመዘኛ ዛሬ ይህን አጥብቆ ይቃወማል። በአእምሮ ሕሙማን ችሎት ደግሞ የሌለ ድምፅ ስለሚሰማው የተረበሸን ሰው ችሎት ደፈረ ብሎ መቅጣት ያው ስሕተት ነው።

አሁን ወደ እኛ። ሕጋችን ይህን ችሎት በስሙ አያውቀውም፤ መሣሪያዎቹን ግን በከፊል ይዟል። በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 51 የተከሳሹ ኃላፊነት፣ ማለትም በአእምሮው ሁኔታ ምክንያት ለድርጊቱ ሊጠየቅ መቻሉ፣ ሲያጠራጥር ፍርድ ቤቱ የባለሙያ ማስረጃ እንዲያስቀርብ ያዝዛል፤ በአልኮል ወይም በአደንዛዥ ነገር ሥር የሰደደ መመረዝንም ይጨምራል። ከአንቀጽ 129 ጀምሮ ያሉት ደግሞ ኃላፊነት ለሌለው ወይም በከፊል ለሆነ ሰው ሕክምና እንዲታዘዝ ይፈቅዳሉ። አንቀጽ 50 በሩን ለሌላው ይዘጋል፤ ወንጀሉን ለመሥራት ብሎ ራሱን ያሰከረ ሰው ስካሩን መከላከያ ሊያደርገው አይችልም።

ኃላፊነቱ ሙሉ ለሆነ ሱሰኛ የቀረው የቅጣት ገደብ፣ ማለትም ቅጣቱ ሳይፈጸም በግዴታ ታግዶ መቆየቱ ነው፤ የገደቡ ጊዜ ከ2 እስከ 5 ዓመት ሲሆን ዳኛው የጠባይ ግዴታዎችን ሊያስገባበት ይችላል። ድክመቱ የሚታየው እዚህ ነው። ገደብ ይሰጣል፣ ከዚያ ሌላ ጥፋት እስኪያመጣው ድረስ ሰውየውን የሚጠራው የለም። በየ14 ቀኑ መቅረብን የገደቡ ግዴታ ማድረግ አዲስ አዋጅ አይጠይቅም፤ የዳኛውን ፈቃደኝነትና የችሎቱን ሰዓት ይጠይቃል።

የአንቀጽ 51 ምርመራ በተግባር የሚበላሸው በደብዳቤው ነው። ፍርድ ቤቱ «የአእምሮ ሁኔታው ተመርምሮ ይላክልን» ብሎ ይጽፋል፤ ሐኪሙም «የአእምሮ ሕመም አለበት» ብሎ ይመልሳል። ይህ ለማንም አይረዳም። ሕጉ ፍርድ ቤቱ ጥያቄውን ዘርዝሮ እንዲልክ ይፈልጋል፤ አሁን ያለበት ሁኔታ፣ ሁኔታው በማመዛዘን ችሎታውና በፈቃዱ ላይ ያለው ተጽዕኖ፣ የሚያስፈልገው ሕክምና። ድርጊቱ በተፈጸመበት ቀን እንዴት እንደነበርም ይጠየቅ። በከተማው ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ፤ ከዚያ ካለፈ መንገዱ አዲስ አበባ፣ አማኑኤል ነው።

ሱሱም የራሳችን መልክ አለው። ከሰዓት በኋላ የቃመ ሰው ምርቃናውን ለመስበር ማታ «ጨብሲ» ብሎ አረቄ ይጠጣል፤ ስለዚህ መጠጥን ብቻ የሚከለክል ትእዛዝ ግማሹን ይስታል። ጫት በሕግ ያልተከለከለ ስለሆነ ትእዛዙ በስሙ ሊጠቅሰው ይገባል። ችግሩ ምርመራው ነው፤ በተለመደው የሽንት ስትሪፕ ላይ ጫት የራሱ መስመር የለውም። አልኮልም በትንፋሽ ሰዓታት ብቻ ይቆያል፤ ማታ የተጠጣው በማግሥቱ ከሰዓት ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ ጥሪው ቀኑም ሰዓቱም ሳይታወቅ መምጣት አለበት፤ ለጫት ደግሞ ከምርመራ ይልቅ የቤተሰብና የባለሙያ ምልከታ ይታመናል። ጫት ያቆመ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሐራራና ዱካክ ይይዘዋል፣ ይጫጫነዋል፣ ይከፋዋል፤ ያ ሳምንት የሚጠፋበት ሳምንት ስለሆነ ቀጠሮው መቀራረብ አለበት።

አልኮልን በድንገት ማቆም ግን ሕይወት ሊቀጥፍ ይችላል። በየቀኑ አረቄ የሚጠጣ ሰው አርብ ማታ ቢያዝ ቅዳሜ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፤ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል፤ እሑድና ሰኞ የሌለ ነገር እያየ ይቃዣል። በጣቢያ «ያስመስላል» ወይም «ሰይጣን ነው» ተብሎ የሚተወው ይህ ነው። ሆስፒታል ቢደርስ በዲያዜፓምና በቫይታሚን ቢ1 ይታከማል፤ ቢ1ዱ ከግሉኮስ በፊት መሰጠት አለበት። ማንኛውም ሕክምና ተኮር ሥራ ባሕር ዳር ላይ ቢጀመር የመጀመሪያው እርምጃ ችሎት ሳይሆን ፖሊስ ጣቢያ ላይ ተያዡን «በየቀኑ ትጠጣለህ? መጨረሻ የጠጣኸው መቼ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ርቀቱን እንመልከት። ከዘጌ ወይም ከደቅ ደሴት በጀልባ የሚመጣን ሰው በሳምንት 2 ጊዜ ከተማ መጥራት እንዲወድቅ ማመቻቸት ነው። ለእሱ የሚሻለው በአቅራቢያው ጤና ጣቢያ ቀርቦ እንዲፈርምና ለችሎቱ «መጥቷል» ወይም «አልመጣም» የምትል አንዲት መስመር እንዲላክ ነው። ከዚያ በላይ መጻፍ የለበትም፤ ለሐኪም የተነገረ ነገር ወደ ዐቃቤ ሕግ ካለፈ ማንም እውነቱን አይናገርም። የሌለ ነገር ለሚያሳይና ለሚያሰማ ከባድ የአእምሮ ሕመም በየ4 ሳምንቱ የሚወጋው ፍሉፌናዚን የተባለ መድኃኒት ለዚህ ይመቻል፤ መቅረቱ በዚያው ቀን ይታወቃል።

ጸበልን የሚከለክል ትእዛዝ ደግሞ ከመጀመሪያው አይከበርም። ብዙ ሕሙማን ጠዋት ከመጠመቃቸው በፊት እህልም ክኒንም አይቀምሱም። ሐኪሙ የማታ መጠን ቢያደርግላቸው ሁለቱም ይሄዳሉ፤ አስጠማቂው አባትም ይህን ካወቁ መድኃኒቱን ጣሉ አይሉም።

በአሠራሩ ከ5 አራት እንሰጠዋለን፤ አንዱን ያጎደልነው ዳኛ ሲቀየር ሁሉም ነገር ስለሚላላ ነው። እዚህ ቢጀመር ከአንድ ዳኛና ከ20 እስከ 30 ሰው ባይበልጥ ይመረጣል፤ ያውም ለሁለት ዓመት የማይዛወር ዳኛ።

እስከዚያው መዝገብ ያለበት ቤተሰብ ለጠበቃው ይህን ያድርስ፦ የሆስፒታል ካርድ፣ የመድኃኒት ማዘዣና ባዶ ፓኮው፣ ሕመሙ የጀመረበት ወር፣ ጸበል የቆየባቸው ጊዜያት፣ በየቀኑ የሚጠጣውና የሚቅመው መጠን። ጠበቃውም ከችሎት ከመውጣቱ በፊት የሚቀጥለውን ቀጠሮ ቀን ይይ፤ ከ14 ቀን ከራቀ እንዲያጥርለት እዚያው ያመልክት።