«ያልተገደበ» የተባለ ሰርቨር ለሃያ አራት ሰዓት ስርጭት ከመከራየታችሁ በፊት

ሌት ተቀን የማይቋረጥ የቪዲዮ ስርጭት ለማካሄድ ሰርቨር (ሁልጊዜ ከኢንተርኔት ጋር ተያይዞ አገልግሎት የሚሰጥ ኮምፒውተር) ለመከራየት ያሰባችሁ ሁሉ፣ «ያልተገደበ የዳታ ዝውውር» የሚለውን ማስታወቂያ አምናችሁ የዓመት ኪራይ በአንድ ጊዜ እንዳትከፍሉ አሳስባለሁ። እኔ ከፍያለሁ። የዓመቱ ዋጋ ከወር በወሩ ክፍያ በእጅጉ ያነሰ ስለነበር ቅናሹ አጓጓኝ፤ ስርጭቱ በአሥራ ሁለተኛው ቀን መቆራረጥ ሲጀምር ግን ገንዘብ የሚመለስበት የሰባት ቀን ጊዜ አልፎ ነበር።

አቤቱታዬን ሳቀርብ የተሰጠኝ መልስ አጭር ነው። በአገልግሎት ውሉ ውስጥ «ፍትሐዊ አጠቃቀም» የሚል አንቀጽ አለ፤ አንድ ደንበኛ የሌሎችን ድርሻ የሚሻማ ተከታታይ ጭነት ከፈጠረ ድርጅቱ ፍጥነቱን መቀነስ ይችላል፤ የእኔም ፍጥነት በሰከንድ ወደ 10 ሜጋቢት ዝቅ ተደርጓል። አንቀጹ በእርግጥ ነበረ፤ ያላነበብኩት እኔ ነኝ። ሆኖም በሽያጭ ገጹ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ቃል በውሉ መካከል በትንሹ የሚሽር አሠራር ሐቀኛ ነው ብዬ አልቀበልም።

አስቀድሜ ስሌቱን ብሠራ ኖሮ ነገሩ እንደማያዋጣ በአምስት ደቂቃ እረዳው ነበር። በሰከንድ 4 ሜጋቢት የሚፈስ ቪዲዮ በሰዓት 1.8 ጊጋባይት፣ በቀን 43.2 ጊጋባይት፣ በ30 ቀን ደግሞ 1,296 ጊጋባይት ይወስዳል፤ ይህም ለአንድ ተመልካች ብቻ ነው። ሰርቨሩ ለተመልካቾች በቀጥታ የሚያከፋፍል ከሆነ ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቅጂ ስለሚልክ፣ በአማካይ 50 ሰዎች ሳያቋርጡ ቢመለከቱ የወሩ ዝውውር 64.8 ቴራባይት ይደርሳል። እንደ እኔው ሰርቨር በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚያስተላልፍ ፖርት (ሰርቨሩ ከኔትወርኩ ጋር የሚገናኝበት መስመር) ደግሞ ወሩን ሙሉ ያለ አንዳች ዕረፍት ቢሠራ እንኳ ከ32.4 ቴራባይት በላይ ማሳለፍ አይችልም። ስለዚህ ድርጅቱ ምንም ገደብ ባይጥል ኖሮም የፖርቱ ፍጥነት ራሱ ገደብ ነበር፤ በወረቀት ላይ ከ25 ተመልካች አያልፍም፣ በተግባርም ከዚያ ያንሳል። (ሜጋቢትና ሜጋባይት የስምንት እጥፍ ልዩነት እንዳላቸው ልብ በሉ፤ እኔ «100» የሚለውን አይቼ ሜጋባይት መስሎኝ ነበር።) በዚያ ላይ ርካሽ ሰርቨሮች አንዱን ፖርት ከሌሎች ተከራዮች ጋር ስለሚጋሩ፣ የተጻፈው ፍጥነት ጣሪያውን እንጂ ሁልጊዜ የምታገኙትን አያመለክትም።

የፕሮሰሰሩም ጉዳይ ከዚህ አይተናነስም። ስርጭቱን በተለያየ የጥራት ደረጃ ለማቅረብ ሰርቨሩ ቪዲዮውን በየቅጽበቱ እንደገና መጭመቅ አለበት፤ ይህ ሥራ ለአፍታም ፋታ የሌለው ሲሆን፣ ቪፒኤስ (አንድ ኮምፒውተር ለብዙ ተከራዮች ተከፋፍሎ የሚሰጥበት ሰርቨር) ላይ የተከራያችሁት «ኮር»፣ ማለትም የፕሮሰሰሩ አንድ የሥራ ክፍል፣ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከሌሎች ጋር የምትፈራረቁበት ነው። በሊኑክስ (ብዙ ሰርቨሮች በሚሠሩበት ሥርዓተ ክወና) ላይ «ቶፕ» (top) የሚለውን ትእዛዝ ስትከፍቱ «ኤስቲ» (st) የሚል ምልክት ያለው ቁጥር ታያላችሁ፤ የእናንተ ሥራ ተራ ሲጠብቅ ፕሮሰሰሩ ሌላውን ያገለገለበትን ጊዜ የሚያሳይ ነው። የእኔ ቁጥር በማታ ሰዓት ከፍ ሲል ምስሉ አብሮ ይንተባተብ ነበር። ድርጅቱ ግን ጥፋቱን በእኔ ሶፍትዌር ላይ ሲያላክክ ከረመ።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገሮችን በጽሑፍ ጠይቁ፤ ሃያ አራት ሰዓት የሚዘልቅ የቪዲዮ ስርጭት በውላችሁ ይፈቀዳል ወይ፣ ፍጥነት የሚቀነሰው በስንት ቴራባይት ላይ ነው፣ ከዚያ በላይ ለሚያልፈው ተጨማሪ ክፍያ አለ ወይስ ግንኙነቱ ይቋረጣል። ቁጥር ሳይጠቅስ «አትጨነቁ፣ በቂ ነው» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ወደ ሌላ ሂዱ። መጀመሪያም የአንድ ወር ብቻ ክፈሉና ሙሉ ጭነት ጭናችሁ በማታ ሰዓት ፈትኑት።

እኔ የቀሩትን ወራት ላለማባከን አሠራሬን ቀይሬያለሁ። አሁን ሰርቨሩ ለተመልካቾች አያከፋፍልም፤ አስቀድሞ የተጨመቀውን ቪዲዮ እንደገና ሳይጨምቅ አንድ ቅጂ ብቻ ወደ ቪዲዮ መድረክ ይልካል፣ ለሺህም ሆነ ለአሥር ሰው ማዳረሱ የመድረኩ ሥራ ነው። ለዚህ በሰከንድ 4 ሜጋቢት ይበቃኛል፤ ፕሮሰሰሩም ሥራ ፈቶ ይውላል። ያ በቅጣት የተተወልኝ 10 ሜጋቢት እንኳ ከግማሽ በላዩ ሳይነካ ያድራል፤ የከፈልኩት ግን ለትልቁ ሰርቨር ነው።