የባኔከር መዋኛ ሠራተኞች፣ እግዚአብሔር ይስጥልን!

ዋሽንግተን ዲሲ ለምትኖሩ ወገኖች፣ በተለይ ልጆች ላሏችሁ፦ ጆርጂያ አቬኑ ላይ፣ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት ያለው የባኔከር መዋኛ ሠራተኞች በአደባባይ ሊመሰገኑ ይገባል።

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ሕፃን ውኃው ውስጥ ተጸዳዳ። እናቱ በእፍረት የምትገባበት ጠፋት። ተረኛዋ ላይፍጋርድ (የዋናተኞች ጠባቂ) ሁሉንም በፊሽካ ካስወጣች በኋላ መጀመሪያ ለእናትየው ፎጣ አቀበለችና አጽናናቻት። ከዚያ ቆሻሻውን በመረብ አነሣች፤ በመምጠጫ ማሽን ቢሆን ቱቦው ይበከል ነበር። ክሎሪኑ ከ2 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 2 እጅ) አለመውረዱን፣ ፒኤቹም (የውኃው የአሲድነት መለኪያ) ከ7.5 አለመብለጡን ለክታ ክሎሪኑ ጀርሙን እስኪገድል 25 ደቂቃ ቆጠረች። ለተሰለፈውም ሰው ምክንያቱን አስረዳች። ተቅማጥ ቢሆን ኖሮ 25 ደቂቃ አይበቃም፤ ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለው ተሕዋስ በተለመደው የክሎሪን መጠን ከ7 ቀን በላይ መቆየት ይችላል።

ስሙን የማንጠራው፣ ገንዘብ የሚከፈልበት ሌላ ገንዳ ግን ጨልፈው ጥለው ወዲያው «ግቡ» ይላሉ! የልጆች ዓይን ሲቀላ «ክሎሪን በዝቶ ነው» ይባላል። አይደለም። የሚያቃጥለውና የሚሸተው ክሎሪን ከላብና ከሽንት ጋር ተዋሕዶ የሚፈጥረው ክሎራሚን ነው። ስለዚህ ልጆቹን ሳታጥቡ አታስገቡ። ከገንዳው ዳር ቆማችሁ የታችኛው ማፍሰሻ ክዳን ካልታያችሁም ተመለሱ፤ እዚያ የሰመጠ ልጅም አይታይም።

ባኔከር በ1934 (እ.ኤ.አ.) ሲከፈት ከተማዋ በዘር የተከፋፈለች ስለነበረች፣ ለጥቁር ነዋሪዎች ከዋነኞቹ መዝናኛዎች አንዱ ሆነ። ስያሜው በ1791 የከተማዋ ወሰን ሲቀየስ ለሠራው ጥቁር የሥነ ፈለክ ሊቅ ለቤንጃሚን ባኔከር መታሰቢያ ነው።

ለዲሲ ነዋሪ መግቢያው ነፃ ነው፤ አድራሻ የሚያሳይ መታወቂያ ብቻ ያዙ። ወጪውን የሚሸፍነው የከተማው በጀት ነው። የላይፍጋርድ ደመወዝና ኬሚካል የሚመጣው ኦክቶበር 1 ከሚጀምረው ዓመታዊ በጀት ሲሆን፣ ገንዳውን እንደ አዲስ ማደስን የመሰለ ትልቅ ሥራ ግን በ6 ዓመቱ የካፒታል ዕቅድ መያዝ አለበት። ብዙዎቻችን ሁለቱን እያምታታን ጥያቄያችን ሳይመለስ ይቀራል። በፀደይ ወራት በምክር ቤቱ የበጀት ስብሰባ ስትናገሩ የትኛውን እንደምትጠይቁ ለይታችሁ ግቡ። ለተበላሸ ነገር ወደ ከተማው የአገልግሎት ስልክ 311 ደውሉ። ማልኮም ኤክስ ፓርክ የምንለው ሜሪዲያን ሂል ግን የፌዴራሉ የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ነው፤ ስለ ፓርኩ ፏፏቴ ከተማውን መውቀስ ትርፉ ድካም ነው።

ሂዱ፣ ልጆቻችሁን ውሰዱ! የቅዳሜዋን ላይፍጋርድ ካገኛችኋት ደግሞ የሐበሻ እናቶች እንደሚያመሰግኗት ንገሩልን።