እንጦጦ ፓርክ ለአንባቢ፦ ጸጥታው የቱ ጋ ነው?

እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ተመርቆ ከተከፈተ ወዲህ ብዙው ሰው የሚወጣው ለፎቶ፣ ለፈረስ ግልቢያ፣ ለጎ ካርትና በሽቦ ገመድ ለመንሸራተት ነው። መጽሐፍ ይዞ ለሚወጣ ሰው መመዘኛው ይለያል። ቦታው ለንባብ እጅግ ጥሩ ነው፤ ችግሩ መጀመሪያ ዓይን ውስጥ የሚገቡት መቀመጫዎች ለንባብ የማይሆኑት መሆናቸው ነው።

ከተማው ቁልቁል ወለል ብሎ የሚታይበትን ጠርዝ እንውሰድ። ፀሐይ ቁልቁለቱን ስታሞቀው አየሩ ሽቅብ ይነሣል፤ በበጋ ከረፋዱ 5 ሰዓት በኋላ እዚያ የተቀመጠ ሰው አንድ እጁ ገጽ ሲይዝ ነው የሚውለው። የመኪና ጥሩምባውም የድምፅ ማጉያውም የሚከልለው ጉብታ ስለሌለ ከታች ቀጥ ብሎ ይመጣል። ሰውም አያርፍም፤ አንዱ ፎቶ ተነሥቶ ሲሄድ ሌላው «ትንሽ ጠጋ ትልልን?» ይላል። ጠርዙን አይታችሁ ጠግባችሁ እለፉት።

ጸጥታ የምታገኙት በእናንተና በጫጫታው መካከል አንድ ጉብታ ሲገባ ነው። ከካፌዎቹና ከመጫወቻዎቹ ተነሥታችሁ በተነጠፈው የእግር መንገድ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያህል ሂዱ። ሙዚቃው ሲጠፋ ወዲያው አትቁሙ፤ መንገዱ ዞሮ ወደ ሰርጥ የሚገባበትን ቀጣዩን ጠመዝማዛ ጠብቁ። እዚያ ነፋሱም ከላያችሁ ያልፋል፣ የከተማው ድምፅም ይቀራል። መጽሐፉን ከመግለጣችሁ በፊት አምስት ደቂቃ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ከሦስት ቡድን በላይ ካለፈ መንገዱ የእግረኛ ዋና መስመር ነውና ተነሡ። ብስክሌት የሚያልፍበት ከሆነም ቁልቁለት ላይ ሳይሆን ዳገት ላይ ተቀመጡ፤ ሽቅብ የሚገፋ ሰው ቀስ ብሎ ነው የሚያልፈው፣ ቁልቁል የሚወርደው ግን በጩኸት ነው።

የዛፉ ነገር ከመቀመጫው አይተናነስም። በምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ አሁንም ተራራውን በብዛት ሸፍኖታል፤ ለአንባቢ ግን ደካማ ጥላ ነው። ያደገ ባሕር ዛፍ ቅጠሉ ቁልቁል ተንጠልጥሎ ስለሚያድግ ብርሃኑን አያግደውም፣ ይበጣጥሰዋል። ነፋስ ሲነካው ነጩ ገጽ ላይ ብርሃንና ጥላ ይጨፍራሉ፤ ዓይን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይደክማል። በዚያ ላይ ነፋስ ሲበረታ ቅርንጫፍ ይጥላል፤ ስለዚህ ከትልቅ ባሕር ዛፍ ሥር ረጅም ሰዓት መቀመጥ አይመከርም። የአገር ዛፍ ፈልጉ። ጥድ ጥቅጥቅ ያለና የማይንቀጠቀጥ ጥላ አለው፤ ኮሶም ሰፊ ቅጠሉ ደህና ይከልላል። ጥድን ስትደገፉ ብቻ ግንዱን እዩት፤ ሙጫው ልብስ ላይ ከያዘ በውኃ አይለቅም።

ከመስከረም እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ድረስ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ወደ ደቡብ ዘንበል ትላለች። ስለዚህ ከግንዱ በስተሰሜን የተቀመጠ ሰው ከሁሉ የበለጠ ረጅም ጥላ ያገኛል፣ ጠዋት ከያዘው ቦታም ብዙ ሳይነሣ ይቆያል። በዚህ ከፍታ ፀሐይዋ ብርዱ እያዘናጋ ታቃጥላለች፤ ባርኔጣ ከጃኬት እኩል ያስፈልጋል።

ስለ ብርዱ ደግሞ፦ የተራራው አናት ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ ከመስቀል አደባባይ ጋር ሲተያይ በጥቂት ዲግሪ ይቀዘቅዛል። የሚራመድ ሰው አይታወቀውም። ተቀምጦ የሚያነብ ሰው ግን ከአንድ ሰዓት በኋላ መጀመሪያ ጣቱ፣ ቀጥሎ ጉልበቱ ይቀዘቅዛል። ሙቀቱን ከሁሉ በላይ የሚወስደው የድንጋዩ ወይም የሲሚንቶው መቀመጫ ነው፤ ከላይ ሦስት ልብስ ደርቦ ከታች ባዶ ድንጋይ ላይ መቀመጥ ትርፉ ድካም ነው። አራት የታጠፈ ጋቢ ወይም ወፍራም ካርቶን ከሥር አንጥፉ። ሁለት የወረቀት መቆንጠጫ ያዙ፣ ለግራና ለቀኝ ገጽ። ፔርሙዝ ከያዛችሁ እስከ አፉ ሙሉት፤ ግማሽ የተሞላ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ከመንገድ ወጣ ብላችሁ ሣር ላይ የምትቀመጡ ከሆነ ረጅም ሱሪ ልበሱ፤ እርጥብ ቦታ ሁሉ ሳማ አለ፣ ጉንዳንም መስመር ሠርቶ ያልፋል።

ቀኑን በደንብ ምረጡ። ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ያለውን ጊዜ የሚያህል የለም። ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ ግን ጥሩውም ሰርጥ ይሞላል። ወር በገባ በ1 እና በ21 ተጠንቀቁ፤ በ1 የእንጦጦ ራጉኤል፣ በ21 የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ወርኀዊ በዓላት ናቸውና ምእመኑ ከሌሊት ጀምሮ ይወጣል፣ መንገዱም ይጨናነቃል። በኅዳር 21ና በመስከረም 1 ደግሞ ዓመታዊ ክብረ በዓል ስለሆነ ለንባብ ብሎ መውጣት አይታሰብም። ጥርና ሚያዝያ የሠርግ ወራት ናቸው፤ ሙሽሮችና አጃቢዎቻቸው ከነካሜራቸው ሊመጡ ይችላሉ። በዐቢይ ጾም ሠርግ ስለሌለ፣ የጾሙ ሳምንታት ለአንባቢ ከዓመቱ ምርጦቹ ናቸው። ክረምት ጠዋት ላይ አንዳንዴ ይገለጣል፤ ከሰዓት በኋላ ግን ዝናቡም ጭጋጉም ስለሚመጣ ጣራ የሌለበት ቦታ ሩቅ አትሂዱ።

ዝናብ ሲያስገድድ ካፌ መግባት ይመጣል። መስኮት ዳር ያለው ጠረጴዛ ብርሃኑ ጥሩ ነው፤ መጀመሪያ ግን ድምፅ ማጉያው የትኛው ጥግ እንደተሰቀለ ተመልከቱ፣ ከቡና ማሽኑም ራቁ። አስተናጋጁን «ወንድሜ፣ ሙዚቃውን ትንሽ ቀነስ ብታደርግልኝ» ማለት ነውር የለውም፤ ሰው ባልበዛበት ሰዓት ብዙ ጊዜ እሺ ይባላል። አንድ ማኪያቶ ይዞ ሦስት ሰዓት ጠረጴዛ መያዝ ግን ተገቢ አይደለም። ሁለተኛ እዘዙ፣ ካልሆነም በምሳ ሰዓት ቦታውን ልቀቁ።

ጸጥታ ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት፣ የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል እንጦጦን ይበልጣል። ማዕከሉ የከተማ አስተዳደሩና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያቋቋሙት፣ ለጥናትና ለአገር በቀል ዕፅዋት ጥበቃ የታሰበ ስለሆነ መዝናኛው አይጮህም። በአንጻሩ መቀመጫውም ጣራውም እንደ እንጦጦ አይበዛም፤ ምንጣፍ፣ ውኃና ምግብ ይዞ መሄድ ግድ ነው። ሙሉ ቀን ያለው ሰው ወደ ምዕራብ፣ ወጨጫ ተራራ ላይ ወዳለው መናገሻ ሱባ ደን ይሂድ፤ የጥዱ ጥላ እዚያ ወደር የለውም። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ችግኝ ከወፍ ዋሻ አምጥተው አስተከሉት እየተባለ የሚነገርለት ደን ነው። መንገዱ ግን ለንባብ የሚተርፈውን ሰዓት ይበላል፤ ለግማሽ ቀን አያዋጣም።

ወደ እንጦጦ በታክሲ የሚወጣ ሰው ከስድስት ኪሎ ሽሮ ሜዳ፣ ከሽሮ ሜዳ ደግሞ ሽቅብ የሚሄደውን ይይዛል። መውጣቱ አያስቸግርም፣ የሚያስቸግረው መመለሱ ነው፤ አመሻሽ ላይ ሁሉም አንድ ላይ ይወርዳል። ከ10 ሰዓት ተኩል በፊት መጽሐፉን አጥፉና ወደ መውጫው ተራመዱ። ከተነጠፈው መንገድ የራቀ ሰው ደግሞ ቀደም ይበል። ፀሐይ 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፣ ጫካው ውስጥ ግን ከዚያ አስቀድሞ ይጨልማል፣ ጅብም አለ። ብቻችሁን ከሆናችሁ ለቤተሰብ የገባችሁበትን በር ስም በመልእክት ላኩ፤ ሰርጥ ውስጥ ኔትወርክ ሊቆራረጥ ስለሚችል መልእክቱን በሩ ላይ ሳላችሁ መላክ ይሻላል።