"የታችኛውን ሁሉ ያነባል" ብሎ ቴፕ ድራይቭ ከሚሸጥላችሁ ሰው ተጠንቀቁ

ወገኖች አሁን ከሱቁ መመለሴ ነው፣ ንዴቴ ሳይበርድ ነው የምጽፈው። የመስሪያ ቤታችን አሮጌ ሰርቨር ላይ የነበረው ቴፕ ድራይቭ፣ ማለትም ዳታ ቴፕ ላይ የሚጽፈውና የሚያነበው መሳሪያ፣ ሞተብንና የድሮ ሒሳባችን በሙሉ ካርትሪጅ (የቴፑ ካሴት) ውስጥ ተቆልፎ ቀረ። ካርትሪጆቹ ኤልቲኦ-1 ናቸው፣ ኤልቲኦ የቴፕ አይነት ነው፣ ቁጥሩ ትውልዱን ይነግራል፣ 1 እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የመጀመሪያው ነው። ሻጩን ታውቁታላችሁ፣ ያገለገለ የሰርቨር ዕቃ የሚሸጥ፣ ጥያቄህን ሳትጨርስ "አለ አለ" የሚለው አይነት።

አንዱን ካርትሪጅ ይዤለት ሄጄ ነበር እኮ! በእጁ እንኳን አልተቀበለኝም፣ ከሩቅ አየት አድርጎ ላዩ ላይ 200 ጊጋባይት የሚለውን አነበበና "ይሄማ ኤልቲኦ-2 ነው፣ ኤልቲኦ-4 ድራይቭ ውሰድ፣ የታችኛውን ሁሉ ያነባል" አለኝ። 200 የሚለው ዳታው በግማሽ ቢጨመቅ ተብሎ የተጻፈ ነው፣ የካርትሪጁ ትክክለኛ አቅም 100 ነው። ይሄን እኔም አውቃለሁ፣ እያወቅኩ ነው ዝም ያልኩት፣ እሱ ስራው ነው ይበልጥ ያውቃል ብዬ፣ አሁን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። መደርደሪያው ላይ ኤልቲኦ-3 አየሁና "ያኛውስ?" ስለው "ተወው ባክህ እሱ ያረጀ ነው፣ ነገ ጉድ ያደርግሃል" አለኝ።

ወስጄ ሰካሁት። ድራይቩን ከሰርቨሩ ጋር የሚያገናኘው ባለ 68 ፒን የስካዚ ኬብል ልክክ ብሎ ገባ፣ ሰርቨሩም ድራይቩን አወቀው፣ በቃ ተገላገልን አልኩ። ካርትሪጁን አስገባሁ፣ ዋጥ አደረገው፣ ውስጡ ትንሽ አጉረመረመና ቀጥ አለ፣ ብርቱካናማው መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ፣ ከዛ መልሶ ተፋው። ሌላ አስገባሁ፣ ተፋው። ስድስቱንም ሞከርኩ። አለቃዬ ከኋላዬ ቆሞ ያይ ነበር፣ አንድ ቃል ሳይናገረኝ ወጣ።

ኤልቲኦ-4 እኮ ወደ ታች የሚያነበው ሁለት ትውልድ ብቻ ነው፣ 3 ላይ ይጽፋልም ያነባልም፣ 2ን ያነባል፣ 1ን ግን አያነብም። 1ን የሚያነበው የመጨረሻው ድራይቭ ኤልቲኦ-3 ነው፣ ያ "ያረጀ ነው" ብሎ ያስተወኝ!

ልመልስለት ስሄድ ቀና ብሎ እንኳን አላየኝም። "ካርትሪጁ 200 ይላል አይደል እንዴ፣ ታዲያ እኔ ምን ላድርግህ? ከሱቅ የወጣ ዕቃ አይመለስም" አለ፣ አጠገቡ ያለው ልጅ ሳቀ። ከዛ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፣ "ኤልቲኦ-3 ነዋ የሚያስፈልግህ፣ እሱም አለኝ፣ ላውርድልህ?" ያንኑ ድራይቭ አውርዶ ፊቴ አስቀመጠው፣ በሙሉ ዋጋ፣ የወሰድኩትን ሳይቀበለኝ። የሰው ደም ነው የሚጠጡት። ትቼለት ወጣሁ።

እናንተ ላይ እንዳይደርስ፣ በካርትሪጁ ላይ የተጻፈውን ጊጋባይት አይታችሁ ትውልዱን አትገምቱ፣ ባርኮድ ከተለጠፈበት መጨረሻው ላይ ኤል1፣ ኤል2 እያለ ይነግራችኋል። ስካዚ ከሆነ ደግሞ ሶኬቱ ገባ ማለት ተስማማ ማለት አይደለም፣ ኤልቪዲ እና ኤችቪዲ የሚባሉት ሁለት የስካዚ አይነቶች በአንድ አይነት ሶኬት ይገባሉ፣ ቮልቴጃቸው ግን ስለሚለያይ ዕቃ ሊያቃጥሉ ይችላሉ፣ ድራይቩ ላይ ያለውን ምልክት እዩ። እና ብር ከመክፈላችሁ በፊት የራሳችሁን ካርትሪጅ አስገብቶ አንድ ፋይል አውጥቶ ያሳያችሁ፣ እምቢ ካለ ውጡ።