ዕቃችንን ከመጫናቸው በፊት በርሊንን ላሳዩን አባት

ይህን ምስጋና መጻፍ የነበረብኝ ከሰባት ወር በፊት፣ አዲሱ ቤታችን በገባን ማግስት ነበር። አንድ የበርሊን ክረምት ካሳለፍኩ፣ በጨለማ ተነሥቼ ሳልጨነቅ ሥራ መድረስ ከለመድኩ በኋላ ግን የእኚህ ሰው ውለታ ዕቃ ከማጓጓዝ እጅግ እንደሚበልጥ ገባኝ።

የማመሰግናቸው በርሊን ውስጥ የቤት ዕቃ የሚያጓጉዙ ኢትዮጵያዊ አባት ናቸው። አንድ የዕቃ መጫኛ መኪና እና ሁለት ትጉህ ረዳቶች አሏቸው። በደርግ ዘመን ለትምህርት ወደ ምሥራቅ ጀርመን መጥተው፣ የበርሊን ግንብ ሲፈርስም እዚያው ነበሩ። ስማቸውን በአደባባይ እንዳላወጣ ስለነገሩኝ እዚህ ጋሼ ብቻ እላቸዋለሁ።

እኔ ነርስ ነኝ። የምሠራው ቬዲንግ በሚባል የበርሊን ሰፈር በሚገኝ ሆስፒታል ሲሆን የጠዋቱ ፈረቃ በአገራችን አቆጣጠር ከንጋቱ 12 ሰዓት ይጀምራል። ባለቤቴና የስድስት ዓመት ልጃችን ከአዲስ አበባ ሲመጡ ማርጻን ውስጥ የተከራየኋት ጠባብ ቤት አልበቃችንም፤ ሌላ ቤት ስንፈልግ አምስት ወር ቆየን። በመጨረሻ ሽፓንዳው ውስጥ፣ ፋልከንሃገነር ፌልድ በሚባል ሰፈር፣ ኪራዩ አቅማችንን የማይፈትን ሰፊ ቤት ተገኘ። ውሉን ልንፈርም ጥቂት ቀናት ሲቀሩን ለጋሼ ደወልኩላቸው።

ስለ ዕቃው ብዛት ይጠይቁኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «ልጄ፣ ሥራሽ የት ነው? ስንት ሰዓት ትገቢያለሽ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም ካሉ በኋላ፣ «እኔማ እጭነዋለሁ። አንቺ ግን ከመፈረምሽ በፊት አንድ ቀን ሌሊት ከዚያ ቤት ደጃፍ ተነሥተሽ እስከ ሥራሽ ሂጂ» አሉኝ።

በዕረፍት ቀኔ ሄድኩ። በአውቶቡስ እስከ ሽፓንዳው ማዘጋጃ ቤት፣ ከዚያ በኡ7 የምድር ባቡር እስከ ዩንግፈርንሃይደ፣ ከዚያ ሪንግባን በሚባለው መሐል ከተማውን በሚዞር ባቡር እስከ ቬስትሃፈን፣ በመጨረሻም በኡ9 አንድ ፌርማታ። አንዱ ግንኙነት ስላመለጠኝ የሥራ ቀን ቢሆን ኖሮ ዘግይቼ ነበር። ውሉ ቀረ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጋሼ ቤታችን መጡ። ቡና እየተፈላ ካርታ ዘረጉ። ሽፓንዳውን አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩበትም፤ እስከ 1920 እ.ኤ.አ. ድረስ ራሱን የቻለ ከተማ እንደነበረ፣ ሐፈል ወንዝ ዳር እንደሚገኝ፣ እዚያው አካባቢ ለሚሠራ ሰው ከእርሱ የተሻለ እንደማይመኙለት ነገሩን። «ሰፈር ለሰው ይስማማል ወይም አይስማማም እንጂ፣ ለሁሉም መጥፎ የሆነ ሰፈር አላውቅም» አሉን። ለወራት ሰው ሁሉ «እዚያ አትግቢ፣ ይህኛው አደገኛ ነው» ሲለኝ ስለከረመ፣ ይህን መስማቴ ዕረፍት ሰጠኝ።

በርሊን 12 ክፍለ ከተሞች አሏት። እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ድረስ 23 ነበሩ፤ ያን ጊዜ ተዋሕደው ነው 12 የሆኑት። ስለዚህ የአንዱ ክፍለ ከተማ ስም በጣም የተለያዩ ሰፈሮችን ይይዛል። ጋሼ ሲያስረዱን፣ «ቦሌ የሚል ማስታወቂያ ዐይተሽ ቡልቡላ እንደምትደርሺው ማለት ነው» አሉ። ፓንኮ የሚል ማስታወቂያ ካፌ የሞላበት ፕሬንዝላወር ቤርግ ሊሆን ይችላል፤ በከተማዋ ሰሜናዊ ጫፍ ያለው ቡኽም ሊሆን ይችላል። ኖይኮልን ሲባል ሰው የሚያስበው መሐል ከተማውን የሚጠጋውን ግርግር ነው፤ በደቡብ ጫፍ ያለው ጸጥተኛው ሩዶም ግን ያው ኖይኮልን ነው። እኔ ራሴ በየቀኑ የምመላለስበት ቬዲንግ የሚተ ክፍለ ከተማ አካል መሆኑን ያወቅኩት ያን ቀን ነበር።

ከክፍለ ከተማው ስም ይልቅ ሐዲዱን እንድናይ መከሩን። ሪንግባን 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው፣ በአንድ ሰዓት መሐል ከተማውን የሚዞር ባቡር ነው፤ ከእርሱ ወደ ውስጥ ያለው የትኬት ቀጠና «ኤ» ነው፣ ከእርሱ ውጭ እስከ ከተማዋ ድንበር ያለው ደግሞ «ቢ»። ትራም የሚበዛበት አካባቢ በአመዛኙ ቀድሞ ምሥራቅ በርሊን የነበረው ነው፤ ምዕራብ በርሊን የመጨረሻ ትራሙን ያቆመው በ1967 እ.ኤ.አ. ነው። የምድር ባቡሩ ሌሊቱን ሙሉ የሚሠራው ዐርብና ቅዳሜ ሌሊት ሲሆን፣ በሌሎቹ ሌሊቶች የሌሊት አውቶቡስ ይተካዋል። በፈረቃ ለሚሠራ ሰው ይህ ከኪራዩ ባልተናነሰ ያስፈልገዋል።

አንድ ያስለቀሰኝን ነገርም ፈቱልኝ። ቀደም ሲል በርሊነር ሽትራሰ በሚባል መንገድ ላይ ያለ ቤት ለማየት ቀጠሮ ይዤ ነበር። በዚያ ስም የሚጠራ ፌርማታ በኡ9 መስመር ላይ ስላለ፣ ደስ ብሎኝ ወደ ቪልመርስዶርፍ ሄድኩ። ቤቱ ግን በሰሜን በኩል ቴገል ውስጥ ባለው በርሊነር ሽትራሰ ላይ ነበር፤ ቀጠሮው አለፈ። ለካስ በ1920 እ.ኤ.አ. በርሊን ሰባት ከተሞችን፣ 59 መንደሮችንና 27 የርስት ይዞታዎችን ስትጠቀልል የየአካባቢው የመንገድ ስም አብሮ ገብቶ ኖሯል። ፓንኮም ሴለንዶርፍም በርሊነር ሽትራሰ አላቸው። «የመንገዱን ስም ሳይሆን የፖስታ ቁጥሩን አስቀድመሽ አንብቢ» አሉኝ፤ በ10 የሚጀምረው በአብዛኛው መሐል ከተማ፣ በ13 የሚጀምረው በአብዛኛው ሰሜንና ሰሜን ምዕራብ ነው።

ስለ ገንዘቡም አስጠነቀቁን፦ በማስታወቂያው ላይ ያለው ባዶ ኪራይ ነው ወይስ ማሞቂያና ሌላ ወጪ የተጨመረበት? ማስያዣውም ቢሆን ከሦስት ወር ባዶ ኪራይ ሊበልጥ አይችልም። ቤቱን ሳናይ ሳንቲም እንዳንልክ አስምለውናል ማለት ይቻላል።

ከሁለት ወር በኋላ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ሽቴግሊትስ ውስጥ የሚለቀቅ ቤት ጠቆመችን። ካርታው ላይ ሲታይ ሩቅ ነው፤ ቬዲንግ ሰሜን፣ ሽቴግሊትስ ደቡብ። ኡ9 ግን አንድም ጊዜ ሳያስቀይር ያገናኛቸዋል። ጋሼን ስነግራቸው መጀመሪያ የጠየቁት የልጄ ትምህርት ቤት በእግር ስንት ደቂቃ እንደሆነ ነበር። ዘጠኝ ደቂቃ ነው።

ስለ ዋናው ሥራቸውም ልናገር። መኪና ማቆም የሚከለክለውን ጊዜያዊ ምልክት በሁለቱም ቤቶች ደጃፍ ከቀናት በፊት አስፈቅደው አቆሙ። በሰዓቱ መጡ፤ ከተነጋገርነው ዋጋ አንድ ሳንቲም አልጨመሩም። አዲስ አበባ ገዝቼ ያመጣሁትን የእንጀራ ምጣድ ለረዳቶቻቸው አልሰጡም፤ በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ ጋቢና ውስጥ ጭናቸው ላይ አድርገው አመጡት። ስንጥቅ እንኳ አልነካውም።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። በርሊን ውስጥ ቤት የምትቀይሩ ወገኖች በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ስልካቸውን እሰጣችኋለሁ። መኪና ማቆም የሚከለክለውን ምልክት ማስፈቀድ ጊዜ ስለሚፈልግ ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ደውሉላቸው፤ ከተቻለም ውል ከመፈረማችሁ በፊት።