ለአዲስ ቦል ፓይተን፦ የመስታወት ሳጥን ወይስ የፕላስቲክ?

ቦል ፓይተን የተባለውን ትንሽ ዘንዶ ለማሳደግ የሚነሣ ሰው አስቀድሞ ሊወስን የሚገባው ማደሪያውን ነው። የመስታወት ሳጥን እንስሳውን በግልጽ ያሳያል፤ ነገር ግን ክዳኑ ወንፊት ከሆነ ሙቀትና እርጥበት በቶሎ ያመልጣሉ፤ እርጥበቱ ከ60 በመቶ በታች ወርዶ ከቆየም ቆዳው ባንድ ወጥ መገፈፉ ቀርቶ እየተቆራረጠ ሊላጥ ይችላል፤ ዓይኑ ላይ ተጣብቃ የቀረች ስስ ሽፋን ያየ ሰው ጉዳቱን ይረዳዋል። ጎኖቹ ብርሃን የማያሳልፉ የፕላስቲክ ሳጥን ግን እርጥበትን አፍኖ ይይዛል፤ መደበቅ ለሚወደው ለዚህ እንስሳም ይመቻል። የአየር ቀዳዳና አስተማማኝ መቆለፊያ እስካለው ድረስ ለጀማሪ የምመርጠው ይህንኑ ነው።

ልዩነቱ በምግብ ጊዜም ይታያል። አዲሱ ዘንዶ ለአንድ ሳምንት ያህል ሳይነካ ከቆየ በኋላ፣ በማቀዝቀዣ በረዶ ሆኖ ከቆየ በኋላ የቀለጠና የሞቀ፣ ከሰውነቱ ውፍረት የማይበልጥ አይጥ በረጅም መቆንጠጫ ሲቀርብለት፣ በመስታወቱ በኩል የሰው እንቅስቃሴ ካስፈራው ጭንቅላቱን መሃል ደብቆ እንደ ኳስ ይጠቀለላል። መስታወት የመረጠ ሰው ሦስቱን ጎኖች ቢሸፍን ይህ ይቀንስለታል።

በሁለቱም ውስጥ ሞቃቱ ጫፍ ወደ 32፣ ቀዝቃዛው ወደ 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆኖ በየጫፉ ጠባብ መደበቂያ ያስፈልጋል፤ ማሞቂያውም ሙቀቱን በራሱ በሚመጥን መሣሪያ (በቴርሞስታት) ካልተቆጣጠሩት የዘንዶውን ሆድ ሊያቃጥል ይችላል።